አድራሻዬን አትጻፍብኝ

ቤቴል ሰፈር ሶፋ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ድረ ገጽ ሥራልኝ ብለውኝ፣ ጨርሼ ላሳያቸው ሄድኩ። ከገጹ ግርጌ ስማቸውን፣ የሱቁን አድራሻና የንግድ ምዝገባ ቁጥራቸውን ሲያዩ ቱግ አሉ።

«ይሄን አጥፋልኝ! የሶፋው እግር የተሰበረበት ሁሉ ተሸክሞት ሊመጣብኝ ነው?»

«ጋሼ፣ ሕጉ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ስሙንና አድራሻውን ያውጣ ይላል። ደግሞ ንግድ ፈቃድዎን በፍሬም አድርገው ግድግዳው ላይ ሰቅለውት የለም እንዴ?»

«እሱ ለተቆጣጣሪ ነው! ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥክ ጩጬ ሕግ ልታስተምረኝ ነው? ካላጠፋህ አልከፍልም።»

ደሜ ፈላ። «አይክፈሉ! ሰው ብሩን ልኮ ሶፋው ቢቀርበት የት ሄዶ ይጩህ? ስም የሌለው ሱቅ አልሠራም» ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁ። የታክሲ እንኳን አልነበረኝም፤ እስከ አየር ጤና በእግሬ ሄድኩ። ዛሬም ቢደውሉ መልሴ ያው ነው።