የመሪጌታው ትንፋሽ

ባለፈው ኅዳር ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደውን አውቶቡስ ስንጠብቅ የደብራችንን የዜማ መምህር፣ መሪጌታ መልከ ጼዴቅን፣ አገኘናቸው። አብራኝ የነበረችው የእኅቴ ልጅ ምሥራቅ ናት፤ በዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ ሕመምና በንግግር ጊዜ ስላለው አተነፋፈስ ታጠናለች።

«ወዴት ነው መሪጌታ?» አልኋቸው።

«ወደ ሀገረ ስብከት፣ ወንበሬን ላስረክብ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ተቀደደ ከበሮ ነበር። «ከፍልሰታ ወዲህ ተዘጋ። ዜማ የማያወጣ መምህር ምን ይሠራል? በግ ይጠብቅ እንጂ።»

«ሐኪም አይቶዎታል አባቴ?» አለች ምሥራቅ።

«ፌጦ በማር ውጬአለሁ። ደግሞ ድምፅ የሚከፈተው በጩኸት ነው፤ ካሳረፉት ይሰንፋል።»

«በጩኸት ነው ያቆሰሉት እንዳልል ይቆጡኛል።»

«ብለሽው የለ እንዴ ልጄ?» ብለው ፈገግ አሉ።

በእሳቸው ጉባኤ ቤት አንዱን የዜማ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ክብር ነው። መሐል ላይ የሚተነፍስ ተማሪ «ዳገት ወጣህ እንዴ?» ይባላል። ምሥራቅ ለምናቸው አንድ ሐረግ ዝግ ብለው አዜሙ፤ መጨረሻው ላይ ትከሻቸው ተነሣ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

«ቀጥቃጭ ወናፉ ባዶ ሲሆን ምን ያደርጋል?» አለቻቸው።

«ይሞላዋል። ባዶውን ቢጫነው ምን ሊወጣው?»

«እርስዎ ግን ባዶውን ይጫኑታል። መምህራንንና ዘማሪዎችን ስናጠና ያየነው ይህንኑ ነው፤ ትንፋሻቸው እያለቀ የሚገፉት ጉሮሯቸውን ጨምቀው ነው የሚጨርሱት፣ ድምፃቸውም ቶሎ ይሻክራል። የእርስዎ ምክንያት ሌላም ሊሆን ስለሚችል ግን ሐኪም በመሣሪያ ይየው።»

«ተማሪ ፊት ትንፋሽ ልሰብር? አረጀ ሊሉኝ።»

«ወንበሩን ሲያስረክቡስ ምን ይሉዎታል?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አገላበጡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«የባለቤቴ ድምፅ ከራሱ ቀድሞ ሄደ» አልኋቸው። «ብርድ ነው እያለ ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ቀረ።»

ደብረ ብርሃን ስንወርድ መሪጌታ «መጀመሪያ ሆስፒታሉን አሳዩኝ፤ ሀገረ ስብከቱ የትም አይሄድ» አሉ።

ሐኪሙ በድምፅ አውታራቸው ላይ ከጫና የመጣ እብጠት እንጂ ክፉ ነገር አላገኘም። ድምፃቸውን አሳረፉ፤ ትከሻን ሳያነሡ ከሆድ መተንፈስን ከምሥራቅ ተማሩ።

ከትንሣኤ በኋላ ጉባኤ ቤታቸው ሄድሁ። ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ባይሆንም ጠርቷል፤ ወንበራቸውም ላይ ናቸው። አተነፋፈሱን ስላስተማሯቸው ተማሪዎቻቸው ከማኅሌት ማግስት ድምፃቸው እንደ በፊቱ አይዘጋም፤ ሻክሮ ሳምንታት የቆየበትም ከፌጦው በፊት ሐኪም ዘንድ ይላካል። እኔ ሳለሁ አንዱ መሐል ላይ ቢተነፍስ ጓደኞቹ ሳቁበት።

መሪጌታ መሬቱን በመቋሚያቸው መታ አደረጉ። «ተዉት» አሉ፤ «ወናፉን እየሞላ ነው።»