የደረጀ ባትሪ

እስካሁን ሳስበው ያበግነኛል። ባኮ አብሮኝ የሚያስተምር ደረጀ የሚባል መምህር አለ፤ አንድ ቅዳሜ ማታ ዓሣ ማጥመድ ላሳይህ ብዬ ጊቤ ወንዝ ይዤው ወረድኩ። እዚያ የማታ አጥማጆች ውሃ ላይ መብራት አያበሩም፤ መንጠቆ ላይ ትል እንኳ የሚሰኩት በዳበሳ ነው። እሱ ግን ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ መጣ። አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ ዲንቃ፣ «ማሎ ልጄ፣ አጥፋው፤ ትልልቁ ይሸሻል» ብለው ለመኑት። «አባባ፣ ዓሣ በብርሃን እንደሚሰበሰብ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ» አላቸው። ተሰበሰበለት፤ ጣት የማያክል የዓሣ ጫጩት ሁሉ።

ኦቦ ዲንቃ ዕቃቸውን ይዘው ራቅ አሉ፤ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብለው ክንድ የሚያክል ዓሣ አወጡ። ደረጀ ሮጦ ሄዶ ተቀበላቸውና ታቅፎ «ፎቶ አንሳኝ» አለኝ። እኔ ሞኙ አነሳሁት። ጠዋት ፌስቡክ ላይ «በባትሪ ብርሃን ያጠመድኩት» ብሎ ለጥፎታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስወርድ የወንዙ ዳር ባትሪ በባትሪ ሆኗል። ኦቦ ዲንቃን ባዶ ከረጢት ይዘው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ያ ጓደኛህስ?» አሉኝ። «ዛሬ አልመጣም» አልኳቸው። ደረጀ እኮ ዓሣ አይበላም።