በአምጃዷ መጥፋት ስለ ታሰረችው መዲና የተሰጠ የማስተካከያ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ይመኙሻል ዘማርያም
ዕድሜ፦ 51
የትውልድ ቦታ፦ ጎንደር፣ አዘዞ
የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል
ሥራ፦ ልብስ ስፌት፣ በቤት
አድራሻ፦ ካርቱም፣ ሳጃና (በሱዳን 22 ዓመት የኖሩ)
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሁዘይፋ
በአማርኛ የጻፈው፦ አስተርጓሚ ቢልልኝ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ባለፈው ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን በዚሁ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። የሰጠሁት በዐረብኛ ነው። የእኔ ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ነው፤ ሽንኩርት ያስገዛኛል እንጂ ክስ አያስጽፈኝም። በዚያ ላይ አንዲት ቃል ተሳስቻለሁ። በዚያች ቃል የተነሣ የሰው ልጅ ሦስት ሌሊት ታስሮብኛል። ስለዚህ ዛሬ በቋንቋዬ ልናገር ብዬ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። ደክሞኛል፤ ብደጋግም ቢልልኝ ያሳጥርልኝ።

የጠፋችው መኪና ነጭ አምጃድ ናት፤ ያቺ ሰው የምትጭነው ትንሿ መኪና። የባለቤቴ የጸጋዬ ንብረት ናት። ጸጋዬ ከሳጃና ኦምዱርማን አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶባታል። ከፋሲካ ወዲህ ግን የጀርባ አጥንቱ ተንሸራቶ አልጋ ላይ ነው። መኪናዋን ሸጠን አገራችን ልንገባ ቆርጠን ነበር።

ሰው መኪና ልሞክር ብሎ ሲመጣ የሚደረገውን ጸጋዬ አልጋው ላይ ሆኖ እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠንቶኛል። መጀመሪያ የሰውየውን ቢጣቃ፣ መታወቂያውን ማለት ነው፣ ተቀበይና ከፊቱ ጋር አስተያይ፤ እስኪመለስም እቤት ይቀመጥ። ቁልፉን የምትሰጪው አንቺ ገብተሽ ከተቀመጥሽ በኋላ ነው። መንገዱን አንቺ ምረጪ። ወርደሽ ጎማውን እዪልኝ ቢልሽ ቁልፉን ነቅለሽ ውረጅ። የመኪናዋ ወረቀት ውስጧ አይደር። ከዚህ ሰው በፊት የመጡትን ሁለት ገዢዎች ልክ እንደዚሁ አድርጌ ነው ያስተናገድሁት። አንደኛው ሱዳናዊ ሽማግሌ ቢጣቃውን ስቀበለው፣ «ያ ሀጃ፣ መኪና ነው የምትሸጭልኝ ወይስ ልጅሽን ልትድሪልኝ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሣቅ ብዬ አብሬው ገባሁ። እሱ አልገዛም፤ መኪናዋ ግን ተመልሳለች።

ሐሙስ ኅዳር 8 ቀን ከቀትር በኋላ ናሆም እባላለሁ የሚል ሰው ደወለ። አማርኛው ጥርት ያለ ነው። «እቴቴ፣ ደኅና መኪና ከሆነች ለምን ትሸጧታላችሁ?» ሲለኝ፣ እኔ አፌ አያርፍም፣ ባሌ መታመሙን፣ እሱን ብቻዬን ማገላበጥ እንዳቃተኝ፣ እቤት የሚያግዘኝ ሰው እንደሌለ ሁሉን ዘረገፍሁለት። አይዞሽ ብሎ አጽናናኝ። ይህን የማነሣው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መጣ። መካከለኛ ቁመት አለው፤ ቁልፉን ሲቀበለኝ እንዳየሁት የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም። አንዲት ልጅ አስከትሏል። ልጅቷ ጥቁር ቦርሳ በእቅፏ ይዛለች። ስሜ መዲና ነው አለችኝ፣ እጄንም ሳመች። እህቱ መሰለችኝ። እህቴ ናት አላለኝም፤ እህቱ ያደረግኋት እኔው ነኝ። ናሆምና መዲናን አንዲት እናት እንዴት ወለደች ብዬ አልጠየቅሁም። ልጅቷ በንግግሯ የወሎ ሰው ስለሆነች፣ ወሎ እንደሆነ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ካንድ ቤት ይወጣል ብዬ አለፍሁት።

ቢጣቃውን ስጠይቀው ለእድሳት ገብቷል አለኝ። እንግዲያው አብሬህ እገባለሁ ብዬ ነጠላዬን አነሣሁ። ልክ በዚያች ሰዓት ጸጋዬ ከውስጥ ጎኔን ገልብጭኝ ብሎ ተጣራ። ሰውየው፣ «ግቢ፣ ግቢ እቴቴ፣ በሽተኛ አያስጮኹም። እኔ እስከ መስጊዱ ደርሼ ልመለስ» አለና ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። ወረቀቷም ውስጧ ነበር። የተማርሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አፈረስሁት።

ሞተሩን አስነሥቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ከጎኑ ረክሻ፣ ባጃጅ ማለት ናት፣ ቆማ ትንጫጫለች። «ልጅቷ ዳማና ናት! ያላ፣ መጣሁ!» ያለ መስሎ ተሰማኝ። ዳማና በዐረብኛ መያዣ፣ ዋስትና ማለት ነው። ልቤ አረፈ። ከቢጣቃ እህት አትበልጥም ወይ አልሁ።

ጸጋዬን ገልብጬ ስወጣ ልጅቷ ቁጭ አላለችም። የጠዋቱን ሳህን ሰብስባ በሳሙና እያሸች ነው። ተይው ብላት እምቢ አለች። ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት ብዬ ተገረምሁ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ያዝን። «እትዬ፣ ጋሼን በቀን ስንቴ ነው የሚያገላብጧቸው?» አለችኝ። አራቴም አምስቴም ይሆናል አልኋት። «እኔ ጉልበት አለኝ፤ የሟች አያቴን ሁለት ዓመት አንሥቻለሁ» አለች። ነፍስ ይማር አልኋት። ትንሽ ቆይታ አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ አርብ አርብ ብወጣ ቅር ይልዎታል?» አለችኝ። «ምን ገዶኝ ልጄ፣ ውጪ እንጂ! እኔ ማን ነኝና እከለክልሻለሁ?» አልኋት። ፊቷ በራ። እኔ ከወንድሟ ፈቃድ እንዳማልዳት የፈለገች መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰዓት አለፈ። ስልኩን ብደውል ዝግ ነው። «ወንድምሽ ናሆም የት ቀረ?» አልኋት። «ናሆም ማነው?» አለች። «ይዞሽ የመጣው ነዋ!» ስላት፣ «እሱማ ሀሰን ነው፣ የእርስዎ የወንድም ልጅ» አለችኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሌባ ስሙን ይለዋውጣል፣ ይቺም አብራው ናት ብዬ ጮኽሁ። ጎረቤት ወጣ። እጇ ላይ የሳሙናው አረፋ ሳይደርቅ ይዘናት ወደዚህ ጣቢያ መጣን። ሳጅን ሁዘይፋ ልጅቷ ምንሽ ናት ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሰውየው ዳማና ትቷት ሄደ አልሁ። «ዳማና ከሆነች ባለቤቱ እስኪመጣ ትያዛለች» አለ። ሕጉ ነው፤ አልቀየመውም። ያልሁትን ነው የጻፈው።

እሑድ ጠዋት ጸጋዬ ገንፎ ሳጎርሰው አፉን ዘጋ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ በመንገድ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። «ይመኙ፣ ያቺን ልጅ ምን ብለሽ አሳሰርሻት?» አለኝ። ዳማና ብሎኝ የለ ወይ አልሁት። «ኧረ አማና ነው ያለው! እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አደራ ብሎ የሰጠሽን ሰው ነው እስር ቤት ያስገባሽው» አለኝ። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት ፊደል ናት። ዳማና መያዣ ነው፣ አማና አደራ ነው። እሷን ፊደል ረክሻዋ ጨምራብኝ ይሁን ጆሮዬ፣ አላውቅም።

ትታ የሄደችውን ቦርሳ ያን ጊዜ ከፈትሁት። ሁለት የሥራ ቀሚስ፣ የላስቲክ ጫማ፣ ሽርጥ፣ የምትሰግድበት ምንጣፍና የራሷ የውኃ ኩባያ ነበረበት። መኪና የሚሞክር ወንድሟን የምትሸኝ ሴት ኩባያዋን ይዛ አትዞርም። ይህቺ ልጅ ልታድር፣ ልትኖር ነው የመጣችው።

ትናንት ሰኞ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ሳልሳለመው ምሳ ይዤ ወደዚህ መጣሁ። በበሩ ፍርግርግ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ፣ ድስቱን ሳልፈገፍገው ወጣሁ፤ ደርቆ ያስቸግርዎታል» አለችኝ። ቆሜ አለቀስሁ። ከዚያ ጠየቅኋት። ካላክላ ውስጥ ዘሊካ የምትባል የአገሯ ሴት ዘንድ ሥራ እስክታገኝ ተጠግታ ነበር። ሀሰን ነኝ ያለው ሰው አርብ ዕለት ወደዚያ ሄዶ፣ ሳጃና አክስት አለችኝ፣ ባሏ ታሟል፣ ማገላበጥ ከብዷታል፣ የሚያግዛት ሰው የለም ብሎ አሳመናት። ይህ እኔ ሐሙስ በስልክ የነገርሁት ነው፤ አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ። እኔን በናሆም፣ እሷን በሀሰን አታለለን። በእኔው አፍ ነው ያታለላት። ዘሊካም በስልክ አረጋግጣልኛለች፤ ቀርባ ለመመስከር ፈቃደኛ ናት።

አርቡን አስባችሁታል? የዕረፍት ቀኗን ነበር የጠየቀችኝ። እኔም ፈቅጄላት ነበር። እንግዲህ እሷ ተቀጥራለች ማለት ነው።

ሳጅን ሁዘይፋ ዛሬ ሲነግረኝ፣ ልጅቷ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፤ ዛሬ ዋስ ካላገኘች ነገ ወደ ትልቁ እስር ቤት ትዛወራለች፣ ከዚያም ወደ ድንበር ትሸኛለች። ዋስ የሚሆናት ወረቀት ያለው ሰው ነው፤ የእኔ ወረቀት ጊዜው አልተቃጠለም። የሚፈርመው ሰው ጉዳዩ እስኪዘጋ ካርቱምን ለቆ አይወጣም ተብሏል። አገር ቤት መግባታችን በዚህ ይቀራል፤ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። ለጸጋዬ ነግሬዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ፣ «መኪናዋን ብቻ ነው የሰረቀን፤ አደራ በላ አታስብይን» አለኝ። እኔም እስማማለሁ።

አምጃዷ ብትገኝ ደስታዬ ነው። ሰውየውን ይዛችሁ ፍረዱበት። ልጅቷን ግን ስጡኝ፤ በእጄ የተተወች ናት።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ ነው። ቢልልኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦልኛል፤ የእኔ አነጋገር ነው፣ ሐሰት የለበትም። ቅዳሜ በሰጠሁት ቃል «ዳማና» የተባለው ተሰርዞ «አማና» ተብሎ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ይመኙሻል ዘማርያም
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ቢልልኝ
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ሁዘይፋ

የዋስትና ክፍል
የተለቃቂ ስም፦ መዲና፣ ዕድሜ 23
ዋስ (ዳማና)፦ ወ/ሮ ይመኙሻል ዘማርያም
በመያዣነት የቀረበ ንብረት፦ የለም
የዋስ ፊርማ፦ ይመኙሻል ዘማርያም
የተለቃቂ የጣት አሻራ፦ ተደርጓል
የተለቀቀችበት ሰዓት፦ 6፡20። ቦርሳዋን ዋሷ ይዘውላት ወጥተዋል።