የሰናይት የበረዶ መኪና

እዚህ ሰው አገር የምንሠራበት ቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ በኮቪድ ተዘግቶ ሁለታችንም ቤት በዋልንበት ጊዜ ጓደኛዬ ሰናይት ስምንት ጎማ ያላት፣ ውሃ ላይም የምትንሳፈፍ ትንሽ መኪና ገዛች። ከፊቷ የበረዶ መጥረጊያ ብረት አስገጥማ ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ ላይ ያሉ ቤቶችን መንገድ በክፍያ ልትጠርግባት አስባ ነበር። "እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት እንጂ አንጀቴ በቅናት አርሮ ነበር።

በረዶ በጣለ ማግስት፣ የእድራችን አባላት ስልክ ቁጥር ሁሉ እኔ ዘንድ ስላለ፣ እዚያው ተራራ ላይ ቤት የሚጠብቁ አንድ አባት ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ የዚያችን የባለመኪናዋን ቁጥር ስጪኝ። መንገዱ ተዘግቶብኛል።"

"ሸጠቻት መሰለኝ፣ ጋሼ" አልኳቸው። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ!

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ደወለች። "እስካሁን የጠራኝ የለም። ሥራው ከመጣ ግን ብቻዬን አልችለውም፤ ከማንም ይልቅ ካንቺ ጋር ብሠራ ይሻለኛል" አትለኝም! መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት።

"አንቺ ምቀኛ" አለችኝ፤ "አሁኑኑ ለሰውዬው ደውዪና ውሸቴን ነው በያቸው። ከዚያ ወፍራም ካልሲ አድርገሽ ጠብቂኝ፤ በረዶው ሳይቀልጥ እንውጣ።"