የእትዬ ሦስቴ የመጨረሻ መጠይቅ

ይህን የሟችን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀውና የሚያነበው የእህታቸው ልጅ አንዳንዱን ነገር አሳስቶ አስታውሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከአንባቢነቱ በፊት ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ይቆማል። የተወለዱበትን ዓመት እንኳ መታወቂያቸው አንድ ዓመት ሲያዘገየው፣ ታላቅ ወንድማቸው አንድ ዓመት ያስቀድሙታል፤ እርሳቸውም ሲጠየቁ መሐሉን ያዙ እያሉ ይስቁ ነበርና፣ መሐሉ ከተያዘ ያረፉት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ለልብስ ሰፊ አባታቸውና የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ለነበሩት እናታቸው አራተኛ ልጅ ሆነው ተወልደው፣ እናታቸው ወለሉን በሚወለውሉበት በዚያው ትምህርት ቤት በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ ተምረው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። ሥራቸውም ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ከቤተሰቡ ስንቱ የጤና መድን እንዳለው፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደታከመ፣ ያልታከመውም ለምን እንዳልታከመ እየጠየቁ መጠይቅ መሙላት ነበር።

ደንቡ የተዘጋ በር ሦስት ጊዜ ሳይንኳኳ «አልተገኙም» ተብሎ እንዳይጻፍ ያዛል። ሦስቱንም በአንድ ጠዋት አንኳኩቶ የሚገላገል ሞልቷል፤ እርሳቸው ግን አንዱን በማለዳ፣ አንዱን በምሳ ሰዓት፣ አንዱን ሰው ከሥራ ሲገባ ስለሚያደርጉት፣ የሄዱበት ሰፈር ሁሉ «እትዬ ሦስቴ» ይላቸው ነበር፤ ውሾቹም በሁለተኛው ቀን መጮኹን ይተዉ ነበር እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ምን ያለፋዎታል ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦

«ያልተጠየቀ ሰው ጤነኛ ተብሎ ያልፋል።»

ከባለቤታቸው ከሬዲዮ ጠጋኙ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። ባለቤታቸው በመጀመሪያው ቀን በመስኮት አይተዋቸው፣ ተመልሰው እንዲመጡ ሲሉ ድምፃቸውን አጥፍተው ሁለት ጊዜ ሳይከፍቱላቸው ቀርተው፣ በሦስተኛው ፀጉራቸውን አበጥረው እንደጠበቋቸው ራሳቸው ሲያወሩ ኖረዋል። ተጋብተውም ዛሬ ነርስ የሆነች ሴት ልጅና አስተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በዘንድሮው ጥናት የሚጠየቁ ቤቶች የሚመረጡበት ዕጣ የራሳቸው ቤት ላይ ወደቀ። ማንም የራሱን ቤት እንዳይጠይቅ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ሃያ ዓመት አብረዋቸው የሠሩት ሴት ባልደረባቸው መጥተው፣ ባለቤታቸው ሱቅ፣ ሴት ልጃቸውም ሆስፒታል ሥራ ላይ ሳሉ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ጠየቋቸው። መጠይቅ ላይ መዋሸት ነውር ነው ሲሉ የኖሩት ሴት፣ ለባላቸውም ለነርሷ ልጃቸውም ያልነገሩትን ያን ዕለት ተናገሩ፤ ሐኪም ልባቸው ሳይውል ሳያድር መታከም እንዳለበት ነግሯቸው፣ አልጋም ተይዞላቸው ኖሮ ሳይሄዱ ቀርተዋል። ባልደረባቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ቢለምኗቸው፣ «ሙዪው አልኩሽ እንጂ ምከሪኝ መቼ አልኩሽ» አሏቸው። የሰሙትን ለማንም እንዳያወጡ የማሉት ባልደረባቸውም ይህን የተናገሩት ትናንት፣ የሟች ባለቤት ሲጠይቋቸው ብቻ ነው፤ እዚህ እንዲነበብም ቤተሰቡ ፈቅዷል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ቁርስ በልተው፣ ቦርሳቸውን አንግተው ከወጡ በኋላ፣ አንድ በር ለሦስተኛ ጊዜ አንኳኩተው ሲከፈትላቸው፣ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ የበሩ ደፍ ላይ ወደቁ። ጥናቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ሞት ያለ አይመስልም፣ ሕመም ያለ አይመስልም ነበር፤ ቤተሰቡ አሁንም በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል።

የእህታቸው ልጅ በዚያው መሥሪያ ቤት፣ የተሞሉ መጠይቆች በሚደርሱበት የኋላ ክፍል ተቀምጦ፣ በጽሑፍ የተሰጡ መልሶችን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሠራተኛ ነው። መጠይቆቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መድን አለ ለሚለው «አዎን»፣ ለምን አልታከሙም ለሚለው «ጥናቱ ሲያልቅ እታከማለሁ» የሚል መልስ እጁ እንደገባ ያስታውሳል። ለእንዲህ ያለ መልስ የተመደበ ቁጥር ስላልነበረ፣ «ጊዜ በማጣት» የሚለውን አራት ቁጥር ሰጥቶት፣ ከመጠይቁ ቁጥር ጋር በመዝገቡ ጽፎት ወደ ቀጣዩ አለፈ። የትኛው ጥናት ብሎ አልጠየቀም። በየሳምንቱ እሑድ እቤታቸው ምሳ ሲበላም፣ አክስቴ ደኅና ነዎት ከማለት አልፎ አልጠየቀም።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና ይህን አንባቢ ትተው አልፈዋል። የሰውን ደጅ ሲያንኳኩ ለኖሩት ለእርሳቸው አምላክ ደጁን በመጀመሪያው ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎች ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥ።

ለተጠየቀ ቤት ሁሉ የመጠይቁ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይተዋል። የእርሳቸው የተገኘው ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከታደሰው የመድን ካርዳቸው ጋር ታጥፎ ነው። የእህታቸው ልጅ ትናንት ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያየው፤ ሦስተኛውን ሴት ልጃቸው ጮክ ብላ እያነበበችለት። የሁለቱም ቁጥር ያው ነው።