እናቱን ማን ጠየቃት?

በትንሿ ከተማችን በላንግናው የገበያ ቀን አይብ ልገዛ ወጥቼ ጎረቤቴን አቶ ሊቲን አገኘኋቸው። ፊርማ የምታሰባስብ አንዲት ልጅ ፊት ቆመው ይቆጣሉ። ልጅቷ ሬጉላ ትባላለች፤ በዋና ከተማችን በበርን ሕግ ትማራለች። ፊርማው በልጅነታቸው ከወላጅ ተነጥቀው ለገበሬ በጉልበት ሠራተኛነት የተሰጡ ሰዎች እንዲካሱ፣ ጉዳዩም በሕዝብ ድምፅ እንዲወሰን የሚጠይቅ ነው። አቶ ሊቲ ከነዚያ ልጆች አንዱ መሆናቸውን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ፣ ያውም አስተማሪ ሆኜ!

«ሕዝብ ትይኛለሽ!» አሉ። «አባቴ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። የመንደሩ ሹሞች ለገበሬ ሰጡኝ። ከከብት ጋር አደርኩ፤ ትምህርት የሚባል ነገር በክረምት ብቻ፣ እሱም ሥራ ከተረፈኝ። ሕዝብሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በበረዶ ላይ ባዶ እግሬን እያየ ያልፍ ነበር። አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ለዚህ ሕዝብ ነው ሕግ የምሰጠው? የተማሩት ይወስኑ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤» አለች ሬጉላ። «እርስዎን የሰጡት ሹሞች የት ሆነው ወሰኑ?»

«በር ዘግተው ነዋ።»

«እናትዎን ጠየቋቸው?»

«እናቴን ማን ይጠይቃታል? ያኔ ሴት ድምፅ ነበራት እንዴ?»

«ታዲያ እሱ ሕዝብ ነው? የተማሩትማ ካሳችሁን ‹ጊዜው አይደለም› እያሉ ስንት ዓመት አሳደሩት። ሞታችሁ እስክታልቁ እየጠበቁ ነው!»

አነጋገሯ ደፋር ነበር፤ እውነት ግን ነው። በአገራችን ሕዝብ በሕጉ ላይ ድምፅ ይሰጣል እያልን እንኮራለን፤ ከድምፁ ውጭ ማንን እንዳስቀረን ግን አንናገርም።

አንድ ደልዳላ ገበሬ ቆሞ ይሰማ ነበር። «የድሮውን ለምን ትቆሰቁሳላችሁ? አባቴ እንደሆነ አብልቶታል» አለ። የአሳዳሪያቸው ልጅ ኖሯል!

አቶ ሊቲ ዞረውም አላዩት። «ልጄ፣» አሉ ለሬጉላ፣ «ይሄ ሰውዬም ድምፅ ይሰጣላ?»

«ይሰጣል። ግን መጀመሪያ ጉዳዩ ተጽፎ በየቤቱ ይላካል፤ የእሱም ማዕድ ቤት ይገባል። እምቢ ቢል እንኳ አላወቅሁም አይልም።»

«ብዕሩን አምጪው።»

ፊደላቸው እየተንጋደደ ስማቸውን ጻፉ።

ፊርማው ሲበዛ በርን ያሉት የመንግሥት ሰዎች ደነገጡ፤ ጉዳዩ ሕዝብ ፊት ሳይደርስ የካሳውን ሕግ ራሳቸው አወጡት። ሹም በር ዘግቶ መወሰን የሚተወው፣ ሕዝቡ በሩን መክፈት እንደሚችል ሲያውቅ ነው። ሕጉን የሚወስን ዜጋም ሕጉን ያነባል፤ የጎረቤቱንም በደል እንዳላየ አያልፍም።

አቶ ሊቲ ከዚያ ወዲህ አንድም የድምፅ መስጫ ቀን አላመለጣቸውም። ማንበብ ስለሚከብዳቸው የምርጫው ወረቀት ሲመጣ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ የመጣው፣ በጥጃነት የሚቆረጠውን የላም ቀንድ ሳይቆርጥ ለሚተው ገበሬ ድጎማ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት።

«ለላም ቀንድ አገር ሙሉ ይጠየቃል!» አሉ። «ለልጇ ግን እናቴን የጠየቃት አልነበረም!»

ተነሥተው ኮፍያቸውን ደፉና ድምፃቸውን ሊሰጡ ሄዱ።