ሁለት አለቃ ያለው መዝገብ

ነገ ከድንበርተኛዬ ጋር ሽማግሌ ፊት እቀርባለሁና የመሬቴን ደብተር ልወስድ ከማክሰኝት ጎንደር መሬት ጽሕፈት ቤት ወጣሁ። መዝገቡን የሚይዙትን ሁለት ኮምፒውተሮች የተከለቻቸው ልጄ ናት፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል ብላኛለች። በአንደኛው መስኮት ብጠይቅ መሬቱ የኔ ነው፤ በሁለተኛው ግን ገና በሟቹ አባቴ ስም ነው። ልጄን አስጠራኋት።

«አባየ፣ የሚያገናኛቸው ገመድ ተነቅሎ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ‹ጓደኛዬ ሞቷል› ብሎ ራሱን አለቃ አደረገ። መሬቱ ወደ ርስዎ ስም መዛወሩ የደረሰው ለአንዱ ብቻ ነው።»

«ምነው፣ ሬሳ ሳይታይ ይወረሳል?»

«አንዱን ከማጥፋታችን በፊት የሁሉንም ሰው መዝገብ ማስተያየት አለብን። ሳምንት ይመለሱ።»

«መሬቱ የማን እንደሆነ አንቺ አታውቂም?»

«የርስዎ ነዋ!»

«እንግዲያ ለኮምፒውተሮችሽ ንገሪያቸው!»

«እኔን አይሰሙም።»

ባዶ እጄን ወጣሁ። ነገ ሽማግሌዎቹን ገመድ ተነቅሎ ነው ልበላቸው?